አዲስ ቁም ሣጥን ከማሠራትዎ በፊት ያለውን ይክፈቱት

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ባለቤቴ፣ እኔና ሁለት ትንንሽ ልጆቻችን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። ቤቱን አስተካክለነው ሁለት ቀን አይቆይም። ሳሎኑ ደግሞ ማታ ማታ ይጨልማል። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅመናል። ባለቤቴ ኮርኒሱን በጂፕሰም እናሠራው ይላል። እኔ ሌላ ቁም ሣጥን እንጨምር ባይ ነኝ። ከየቱ እንጀምር?» አራት ፎቶዎችም ልከውልኛል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ለጊዜው ሁለቱም ይቆዩ።

ከፎቶዎቹ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው በመኝታ ቤቱ ወንበር ላይ ነው። ልብስ ተከምሮበት ወንበሩ አይታይም። በስንፍና የመጣ ነገር አድርገው እንዳያዩት። አንዴ ተለብሶ ገና ያልቆሸሸ ልብስ እቤትዎ ውስጥ ቦታ የለውም። ከታጠበው ጋር አይሰቀል፣ ከቆሻሻው ጋር ቅርጫት ውስጥ አይገባ። የት ይሂድ? ወንበሩ ላይ ያርፋል። ከበሩ ጀርባ አራት አምስት ጠንካራ መንጠቆ ያስመቱ፤ ክምሩ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ሌላውንም በዚሁ ዓይን ይዩት። ለአንድ ሳምንት ዕቃ የሚከመርባቸውን ቦታዎች ብቻ ይመዝግቡ። ቁልፉ የት ይጣላል? የልጆቹ ቦርሳ የት ይወድቃል? ቻርጀሩስ? ማስቀመጫ የሚሠራው እዚያው ዕቃው በሚወድቅበት ቦታ ነው። ቦርሳውን መግቢያው ላይ የሚጥል ልጅ ጓዳ ድረስ ወስዶ አይሰቅለውም። መግቢያው ላይ በልጁ ቁመት መንጠቆ ካገኘ ግን ይሰቅላል።

አሁን ቁም ሣጥኑን ይክፈቱት። በፎቶው ላይ አንድ መስቀያ ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ከሸሚዞቹ ሥር ያለው ቦታ በሙሉ ፌስታል ተጠቅጥቆበታል። ሸሚዝና ጃኬት ከዘንጉ ወደ ታች 1 ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። 1.5 ሜትር የሚፈልገው ረጅም ቀሚስና ካፖርት ነው። የሣጥኑ የውስጥ ቁመት ከ2.1 ሜትር ካላነሰ፣ ግማሹን ወገን ከላይና ከታች ሁለት ዘንግ ያስገቡለት። ሌላው ወገን ለረጅሙ ልብስ ይቅር። ለአናጢ ቀላል ሥራ ነው፤ ለእርስዎ ግን በዚያ ወገን የሸሚዝ መስቀያው እጥፍ ይሆናል።

የታጠፈ ልብስ መደርደሪያው ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት አያስፈልገውም። ጥልቅ ሲሆን ከኋላ ያለው ልብስ ይረሳል። የእርስዎ 60 ሴንቲ ነው የሚመስለው፤ ለተሰቀለ ልብስ ልክ ነው፣ ለታጠፈ ግን ጉድጓድ ይሆናል። እነዚያን መደርደሪያዎች አስወጥተው መሳቢያ ያስገቡባቸው። ገንዘብ ማውጣት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። ሐዲዱ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው የሚያወጣ ይሁን። ግማሽ ድረስ ብቻ የሚወጣ መሳቢያ የኋላው ክፍል እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ ቤተሰብ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ትልቅ ቁም ሣጥን ሠርቼ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ጠሩኝ፤ ሞልቷል፣ ሌላ ይሠራልን አሉ። ስከፍተው ያው ነው፤ ፊት ለፊት የዘወትር ልብስ፣ ከኋላ ማንም የማያስታውሰው ዕቃ። ቦታ ሰጠኋቸው እንጂ ሥርዓት አልሰጠኋቸውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ያድርጉልኝ። ልጆች አሉዎት። መሳቢያ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ረጅም መደርደሪያም ጭምር፣ በፊሸርና በቪቴ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ልጅ መሳቢያዎቹን እንደ መሰላል ስቦ ሲወጣባቸው ሣጥኑ ወደ ፊት ይገለበጣል። በዚህ ሕይወት ይጠፋል። ከየትኛውም ማሳመሪያ በፊት ይቅደም።

ወደ ሳሎኑ ጨለማ ልምጣ። ባለቤትዎ ጂፕሰም ያሉት መብራት ለመቅበር ይመስለኛል። እንዲያ ዓይነቱ መብራት አብዛኛውን ብርሃን የሚጥለው ወለሉ ላይ ነው። ክፍል የሚጨልምብን ደግሞ ግድግዳው ሲጨልም ነው። ጂፕሰሙ ኮርኒሱንም ዝቅ ያደርገዋል፤ የእናንተ ድሮም ከፍ ያለ አይደለም። በዚያ ብር ግድግዳውን የሚያበሩ ሁለት ሦስት መብራቶች ይግዙ። አንዱ ከሶፋው ጥግ የሚቆም፣ አንዱ ቡፌው ላይ የሚቀመጥ ላምባዲና ሊሆን ይችላል። አምፖሉ ካርቶን ላይ ኬልቪን (K) የሚለውን፣ የብርሃኑን ቀለም የሚነግረውን ቁጥር ያንብቡ። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ይስማማል። ለሥራ ጠረጴዛና ለኩሽና 4000 ጥሩ ነው። ሲአርአይ (CRI) የሚባለው ቁጥር 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሰው ፊትና የጨርቅ ቀለም በትክክል ይታያል። አንድ ክፍል ውስጥ ቢጫና ነጭ አምፖል አይቀላቅሉ።

የመጋረጃው ዘንግ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም ከ20 ሴንቲ በላይ ይርዘም። ሲከፈት መጋረጃው ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል፤ መስታወቱ ነፃ ይወጣል። ቀን ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

በአራተኛው ፎቶ ጥግ ላይ የረጠበ ግድግዳ አይቻለሁ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ስቱኮም ቀለምም አይንካው፤ ተመልሶ ይላጣል። ቁም ሣጥኑም ከዚያ ግድግዳ ራቅ ይበል፣ ከኋላው አየር ይለፍ። አለበለዚያ ልብሱ ይሻግታል።

ገርበብ ያለው የሣጥን በርም አዲስ ማጠፊያ አይፈልግም። መጀመሪያ ከውስጥ የሚገፋው ልብስ እንዳለ ይዩ። ከሌለ ካቻቪቴ ያንሡ። ከውስጥ የተገጠመ ዘመናዊ ማጠፊያ ከሆነ ክንዱ ላይ ሁለት ማስተካከያ ቪቴ አለ። ለበሩ የሚቀርበው በሩን ግራና ቀኝ ያስኬዳል፤ የኋላው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ። ሩብ ዙር እያዞሩ፣ በየመሃሉ በሩን እየዘጉ ይሞክሩት።