«ያምናው ነው» የተባለው ቀሚስ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዘዞ ነዋሪና የሦስት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ ለጥምቀት ቲክቶክ ላይ ያዩት ቀሚስ ለሦስታችንም ካልተገዛ ብለው ይዘውኛል። አምና ያሰፋሁላቸውን አንድ ቀን ለብሰውት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። «ያምናው ነው፣ ፎቶ ላይ ወጥቷል» ይሉኛል። በቴሌግራም የሚሸጡት ሰዎች ደግሞ «ንጹሕ የእጅ ሥራ ነው» ብለው ግማሹን ቀብድ ላኪ አሉኝ። ልጆቼን ማሳዘን አልፈልግም፤ መታለልም አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናታችን፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ስልክ ሳይኖርም ነበረ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ልጆችዎ አምረው መውጣት መፈለጋቸው ምንም ነውር የለበትም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ የጥምቀት ቀሚስ በዕለቱ ታይቶ ወደ ሳጥኑ ይመለስ ነበር። ዛሬ ፎቶው ዓመቱን ሙሉ ከሰው እጅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ልብሱ ሳያልቅ «ታይቷል» ይባላል። ሻጩ «የዘንድሮ ዲዛይን» የሚል ስም ሲጨምርበት ያምናው ቀሚስ አንድ ክር ሳይመዘዝበት ያረጃል።

መጀመሪያ ሳጥኑን ይክፈቱና ያምናው ጥበብ በምን መልክ እንደተሠራ ይዩ። ጥበቡ ለብቻው ተሠርቶ በስፌት የተለጠፈ ከሆነ ጥሩ ልብስ ሰፊ ፈትቶ ቦታውን ሊቀይረው ይችላል፤ ከደረት ወደ እጅጌ ወይም ወደ ታችኛው ጠርዝ። ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ከሆነ ግን አይፈታም። በዙሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለስፌት ተትቶ ከነጨርቁ ተቆርጦ ይወጣል። ጥልፍ ከሆነ ባለበት ይቆይ፤ ክሩ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ በጨርቁ ላይ ይቀራል።

ሦስቱ እኅትማማቾች አንድ እንዲመስሉ ደግሞ የግድ ሦስት አዲስ ቀሚስ አያስፈልግም። አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላና መቀነት ቢደረግላቸው ቀሚሳቸው ቢለያይም ከሩቅ አንድ ቤት መሆናቸው ይታወቃል። በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው።

አዲስ መግዛት የግድ ከሆነ ግን በቪዲዮ ብቻ አይወስኑ። መብራትና የስልክ ማሳመሪያ (ፊልተር) ቀለሙን ይለውጡታል፤ ለብሳው የምትዞረው ልጅ ደግሞ ጨርቁ ሻካራ ይሁን ለስላሳ አታሳይም። ቀብድ ከመላክዎ በፊት ሻጩን ሦስት ፎቶ ይጠይቁ፦ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ የተነሣ፣ የጥበቡ ጀርባ የተገለበጠበት፣ ሜትር ተዘርግቶበት ርዝመቱ የሚነበብበት። ጀርባውን ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ቀብድ አይገባውም።

ጀርባው ብዙ ይናገራል። በሸማኔ የተሠራ ጥበብ ሲገለበጥ የሚሻገሩ ክሮች፣ አንዳንዴም ቋጠሮ ይታይበታል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ፊቱን መስሎ ፈዝዞ ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስም ከፍታ የለውም። መደቡንም፣ ማለትም ጥበብ የሌለበትን የጨርቁን ክፍል፣ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት። ማጉ (በአግድም የሚገባው ክር) በእጅ የተፈተለ ከሆነ ክሩ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል። ይህ የፈትል ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። በባህላዊው የሽመና ዕቃ የሚወጣው ጨርቅ ወርዱ ከአንድ ሜትር ስለሚያንስ ሰፊ ነገር ሲሠራ መጋጠሚያ ስፌት ይኖረዋል።

ጨርቁ እጅዎ ሲገባ አንድ ክር ከመደቡ ይምዘዙ። ከጥበቡ አይሁን፤ በእውነተኛ የእጅ ሥራም ቢሆን የጥበቡ ክር ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። ክሩን በወረንጦ ይዘው ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተርም ይለበሳል፤ ጥፋቱ በጥጥ ዋጋ መሸጡ ነው።

ያልተሰፋ ጨርቅ ከገዙ ከመሰፋቱ በፊት ውኃ ይንካው። ጫፉ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ለክተው በክር ምልክት ያድርጉ፤ ለአንድ ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው በጥላ ያድርቁና እንደገና ይለኩ። 48 ከሆነ በመቶ 4 ገብቷል ማለት ነው። ሳይታጠብ 140 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የተሰፋ ቀሚስ በመጀመሪያው አጠባ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ያጥራል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ወደ ላይ ይወጣል። ቀለም የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥበቡ ላይ አሸት አሸት ያድርጉ። በረኪና ፈጽሞ አያስነኩት።

ቢታለሉ እንኳ መብት አለዎት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የተጻጻፋችሁትን አያጥፉ፤ «የእጅ ሥራ ነው» ያሉበትን መልእክትና የክፍያውን ማረጋገጫ ያስቀምጡ። ሸማኔ ዘንድ የሚያዙ ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥን አይጠብቁ። ገናና ጥምቀት ሲቀርቡ ሥራ ይደራረባል፤ የተጣደፈ ሽመና ደግሞ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ማራኪ አካባቢ የምኖር ተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ስለ ስኒከር ከጓደኛዬ ጋር አወራን፤ ከዚያ ወዲህ ቲክቶኬ ስኒከር ብቻ ሆነ። ስልኬ እየሰማኝ ነው? ሳላስበው ሁለት ጥንድ ገዝቻለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ወሬህን መስማት ሳያስፈልገው ጣትህ ብቻ ብዙ ይነግረዋል። መተግበሪያው የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየህ፣ የቱን እስከ መጨረሻ እንዳየህ፣ የቱን እንደወደድክና ለማን እንደላክህ ይቆጥራል። ከጓደኛህ ጋር ካወራህ በኋላ አንድ የስኒከር ቪዲዮ ላይ ጥቂት ቆይተህ ይሆናል፤ በቂው ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉ ሻጮችን አስተውል። ሰው ሁሉ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍ አስተያየቱ ይበዛል፤ ቪዲዮውም ለብዙ ሰው ይዳረሳል። አንተም በጻፍክ ቁጥር ፍላጎት አለኝ ብለሃል።

ለማስተካከል ቪዲዮውን በጣትህ ተጭነህ ቆይና ፍላጎት የለኝም የሚለውን ምረጥ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ለጥቂት ቀናት በመጣ ቁጥር አድርገው። ከዚያ ቅንብር ውስጥ የይዘት ምርጫ የሚለውን ክፈትና «ስኒከር» የሚለውን ቃል እንዲያጣራ ጻፍ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ሻጮች ሁለቱንም ይጽፋሉና። እዚያው ቪዲዮ የሚመጣልህን ገጽ ከዜሮ የሚያስጀምር ምርጫ አለ። ሰዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው፦ ገጹን አድሰው በዚያው ቀን የድሮውን ሱቅ ፈልገው ይገባሉ፤ በሁለት ቀን ወደነበረበት ይመለሳል።

የመግዛቱን ነገር በተመለከተ የፈለግኸውን ዕቃ ስም፣ ዋጋና ቀን ወረቀት ላይ ጻፍና 10 ቀን ጠብቅ። ገንዘብህን ከቴሌብር ወደ ባንክ ሂሳብህ መልሰው፤ በአንድ ነክታ የማይወጣ ገንዘብ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ለስላሳ ሁሉ ግዛልኝ ይላል። ስከለክለው ክፉ አባት የሆንኩ ይመስለኛል። (ከአራዳ)

መልስ፦ አይደሉም። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ ያሉ ብዙ ልጆች ማስታወቂያ ሊሸጥላቸው እንደመጣ አይገባቸውም፤ እንደ ዜና ያምኑታል። ስለዚህ «ውሸት ነው» ከማለት ይልቅ አብረውት እያዩ «ይሄ ሰውዬ ምን እንድንገዛ ነው የፈለገው?» እያሉ ይጠይቁት። ቀጥሎ ጠርሙሱን አንሥተው አብረውት ያንብቡ። በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር የሚል ከሆነ በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ያህል አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ስምንት ማንኪያ መሆኑ ነው። ስምንቱን ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ራሱ ልጁ እየቆጠረ ይጨምር።