ታሪኩን ማን ይመራዋል? ለጌም ማስተሮች ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ጠረጴዛ ከበው ሮል ፕሌይ የሚጫወቱ ልጆች እየበዙ ነው። ጥያቄያቸውም በዝቷል። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አንዱ ጌም ማስተር ሆኖ ዓለሙን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የሚያጠራጥረውን ነገር ደግሞ በየገጹ ቁጥር ያለበት ዳይስ ተጥሎ ይወስነዋል።

ጋሼ፣ ክፍት እና የተጻፈ አመራር ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው?

በተጻፈው መሪው መነሻውንም መድረሻውንም ያውቃል። በክፍቱ ቦታውንና ሰዎቹን ያዘጋጅና መጨረሻውን ከተጫዋቾቹ እኩል ያየዋል። አብዛኞቻችን መሃል ላይ ነን።

12 ገጽ ታሪክ ጽፌ መጣሁ። ነጋዴ አጅበው ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሊወርዱ፣ አሞሌ ጭነው ሊመለሱ ነበር። እነሱ የነጋዴውን በቅሎዎች ሸጠው ወደ መንዝ ነጎዱ! አሁን ምን ላድርግ?

በጣም ነው ያሳቅከኝ። ግን እኮ ጨዋታህ ገና አሁን ጀመረ። የሰው በቅሎ የሸጠ ሰው ጠላት ገዝቷል።

ወረቀቱን አትጣለው። ትዕይንቶቹን ትተህ ሰዎቹን ብቻ አውጣ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፍለት፦ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል፣ ማንም ካልነካው ነገ ምን ያደርጋል? ነጋዴው በገበያ ቀን ዕዳ ሊከፍል ቃል ገብቷል፤ አሁን ግን ጨው የሚያመጣበት በቅሎ የለውም። የኬላ ጠባቂው ቀረጡ ቀርቶበታል፤ አለቃው ደግሞ ቁጡ ነው። በቅሎዎቹን የገዛው ሰውዬ የማን እንደሆኑ ገና አልሰማም። ሲሰማ ዝም ይላል ወይስ ይናገራል?

ከዚያ ቀኑን ቁጠር። ተጫዋቾችህ ጓሳ ላይ ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው ነጋዴው ዳኛ ፊት ቆሞ መልካቸውን እየተናገረ ነው። በሦስተኛው ቀን ወንድሙ መንዝ ይደርሳል። ደግሞ የሚያውቃት አንዲት በቅሎ አለች፣ ጆሮዋ የተቀደደ። አንተ ማንንም ወደ አልዩ አምባ አልጎተትክም። የራሳቸው ሥራ ነው ተከትሎ የመጣባቸው። ክፍት አመራር ዝግጅት የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን አይቆጥሩትም።

በግራም ቢሄዱ በቀኝ ያው አንድ ሽፍታ ቢጠብቃቸውስ? ማን ያውቃል?

በጭፍን ከመረጡ ግድ የለም፤ ግራውም ቀኙም ለእነሱ አንድ ነው። ግን እረኛ ጠይቀው፣ ጠላ ጋብዘው፣ «በታችኛው መንገድ ሽፍታ አለ» የሚል ወሬ አግኝተው በላይኛው ከሄዱ በኋላ ሽፍታውን ወደ ላይ ካዛወርከው ማጭበርበር ነው። ደግሞ አይነቁም አትበል። ይነቃሉ። ከነቁ በኋላ እረኛ የሚጠይቅ የለም።

የታተመ ጀብዱ (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጨዋታ ታሪክ) ሁሉ ተጫዋቹን አፍንጫውን ይዞ ይነዳዋል ይባላል። እውነት ነው?

ሁሉም አይደለም። የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን ሮል ፕሌይ ጨዋታ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የጨዋታው ልብ ካርታ ነበር፦ ክፍል፣ በር፣ ጭራቅ፣ ሀብት። በየት ገብተህ በየት እንደምትወጣ ያንተ ፋንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 መውጣት የጀመሩት የዚሁ ጨዋታ የድራጎንላንስ ጀብዱዎች ደግሞ ረጅም ታሪክና የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያት ይዘው መጡ። ብዙ ሰው ወደዳቸው፣ ብዙ ሰውም አማረረባቸው።

ተጫዋቾቹ አዲስ ከሆኑ፣ ጊዜውም አንድ ከሰዓት ብቻ ከሆነ፣ እኔም የተጻፈውን ነው የምይዘው። ጀማሪ «የፈለግከውን አድርግ» ሲባል ይደነግጣል። ብቻ አስቀድማችሁ «ዛሬ የነጋዴ አጃቢዎች ናችሁ፣ እሺ?» በሉ። እሺ ካሉ ማንም አልተገደደም። ደሜን የሚያፈላው መሪው የጻፈው መጨረሻ እንዲተርፍ ብሎ ዳይሱን ከንቱ ሲያደርገው ነው። የዳይሱ ትልቁ ቁጥር፣ 20፣ ወጥቶለት «አይ፣ ሽፍታው አመለጠ» የተባለ ልጅ ከዚያ በኋላ ስልኩን ሲነካካ ነው የሚውለው። እኔም አልፈርድበትም።

ከሸዋ ሮቢት ነኝ። የኔ ተጫዋቾች ክፍት ስተውላቸው ዝም ብለው ያዩኛል።

እህቴ፣ ክፍት እንጂ ባዶ አትስጫቸው። «ምን ታደርጋላችሁ?» ከማለትሽ በፊት የሚያዝ ነገር ይኑር። ሊመሽ ነው፣ የኬላው በር እየተዘጋ ነው። አንዷ በቅሎ ታነክሳለች። ጠባቂው የአንዱን ጋሻ አፍጥጦ ያየዋል። አሁን ባለ ጋሻውን በስሙ ጠርተሽ ጠይቂው። ስትለያዩ ደግሞ «በሚቀጥለው ወዴት ነን?» በያቸው። ያንን ብቻ አዘጋጅተሽ ትመጫለሽ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ብንጫወት መጨረሻው የታወቀ አይደል እንዴ?

ትልቁ ታውቋል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ገዝተዋል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስም በ1841 ወደ ሸዋ መጥቷል። ይህን የታወቀውን ታሪክ አትንኩት። የእንግዳው ሳጥን ገደል ቢገባ ማን ይጠየቃል? ተሸካሚው፣ አጃቢው ወይስ መንገድ መሪው? ያንን ማንም አልጻፈላችሁም። ከእናንተ አንዱ ንጉሡን ልግደል ቢል የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑን ግን መጀመሪያውኑ ተነጋገሩበት።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ ከየት እናምጣ?

ከ1 እስከ 20 በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ጠቅልሉና ኩባያ ውስጥ ክተቱ። ያወጣችሁትን መልሱ፣ አለዚያ ዕድሉ ይዛባል። የስልክ አፕም አለ። ብቻ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

ጋሼ፣ አንተ ዳይስህን ትደብቃለህ?

አልደብቅም፣ መሃል ጠረጴዛ ላይ ነው የምጥለው። ተደብቆ የሚጠብቃቸው ሰው ካለ ብቻ በእጄ እጋርዳለሁ።