ኒኬሉ የት ሄደ?

ጂኦሎጂ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ሥራ በያዝኩ ሰሞን ከአንድ ጥቁር አለት ናሙና ሰብስቤ ላብራቶሪ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ኒኬሉ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «ዋጋ የለውም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ ሪፖርቱን ሲመልስልኝ ዳሩ ላይ አንዲት ጥያቄ ጽፎበት ነበር፦ «ታዲያ ኒኬሉ የት ሄደ?»

ያሾፈብኝ መስሎኝ ተናደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ አለት፣ ውስጡ ድኝ በዝቶ መሸከም ሲያቅተው፣ የቀለጠ ሰልፋይድ (የድኝና የብረታ ብረት ውህድ) ጠብታ በጠብታ ይለያል። ዘይት ከወጥ እንደሚለየው በሉት። ይኼኛው ግን ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል። ባዶ እጁንም አይሄድም፤ ኒኬሉንና መዳቡን እየለቀመ ነው። ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ሲያገኝማ አያድርስ! ከማግማው ይልቅ እሱ ውስጥ መቶ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊከማቹ ይችላሉ።

ስለዚህ የደኸየ ድንጋይ ስታዩ፣ ተዘርፎ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ሳይቤሪያ ያለውን ኖሪልስክን ውሰዱ። ከ250 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ማግማው ሲወጣ አንሃይድራይት የሚባለውን ድኝ ያለበት የጂፕሰም ዘመድ አቋርጦ ድኙን ጠጣ። እዚያ ናዴዥዲንስኪ የሚባሉት ላቫዎች ኒኬላቸውም፣ መዳባቸውም፣ ፕላቲኒየማቸውም ተሟጧል። በዚያው አካባቢ ከመሬት በታች ደግሞ ከዓለም ትልልቅ የኒኬልና የፓላዲየም ክምችቶች አንዱ ተኝቷል። ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱን ያያይዟቸዋል።

ሰልፋይዱ መቼ ተለየ የሚለውም መጠየቅ አለበት። ገና ጥልቁ ላይ ተለይቶ እዚያው ከቀረ፣ ማግማው ወደ ላይ ሲወጣ የሚደርሰው ባዶውን ነው።

ደግሞ ይህን ተማርን ብላችሁ ሁሉም ቦታ ላይ አትለጥፉት። ወለጋ ዩብዶ ያለው ፕላቲኒየም በአብዛኛው የሚገኘው ከብረት ጋር ተዋህዶ ነው። ሰልፋይድ ብቻ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል።

አለቃዬ የጠየቀኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ኦሊቪን በሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ውስጥ ያለውን ኒኬል ማስለካት ነበረብኝ። ኦሊቪን ክሪስታል ሲሠራ ኒኬል ይወስዳል፤ ሰልፋይድ ቀድሞት ከሆነ ግን የሚደርሰው ትንሽ ነው። ተጣድፌ ናሙናው ወደተቀመጠበት መጋዘን ሄድኩ። ሳጥኑ የለም። «ቦታ ያጣብባል» ብዬ ያስጣልኩት እኔው ነበርኩ።