ከፓሪስ ለሚመጣ ሻንጣ የሚሆኑ የፈረንሳይ ልብ ወለዶች

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ለሌሎችም እንዲገባ ላሳጥረው፦ ፈረንሳይኛሽ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) አካባቢ ነው፣ የካሙን «ሌትራንዤ» ወደሽው ጨርሰሻል፣ ፕሩስትን ግን ጀምረሽ ብዙም ሳትሄጂ ተውሽው። አሁን የአክስትሽ ልጅ ከፓሪስ ሲመጣ አራት መጽሐፍ ሊያመጣልሽ ቃል ገብቷል፤ ከዘመኑ ደራሲዎች የትኞቹን ልዘዝ ነው ያልሽው። ከሥር የተሰጡትን መልሶችም አየሁ። አንዱ ታዋቂውን የፈረንሳይ የልብ ወለድ ሽልማት ጠርቶ «ጎንኩር ያሸነፈ ሁሉ አይጥልሽም» ይላል፣ ሌላው ደራሲውን ዌልቤክን ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «የዛሬ ፈረንሳዮች ስለ ራሳቸው ሕይወት ብቻ ነው የሚጽፉት፣ ታሪክ የለውም፣ ይቅርብሽ» ብሎሻል።

እኔ የምኖረው ሊዮን ነው። ፈረንሳይኛን የተማርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ የማነበውም ከሥራ ስመለስ ሜትሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ አንድ አንባቢ ስሚኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ፕሩስትን ስለተውሽው አትዘኚ። የረጅሙ ልብ ወለዱ የመጀመሪያ ቅጽ 1913 ላይ ሲወጣ አሳታሚዎች አንቀበልም ስላሉት ደራሲው ከኪሱ ከፍሎ ነው ያሳተመው። በሙያው የኖሩት ሰዎች ካስቀመጡት፣ አንቺ ብታስቀምጪው ማንም አይፈርድብሽም። ይቆይሽ።

«ሌትራንዤ» የቀለለሽ ግን ካሙ ቀላል ጸሐፊ ስለሆነ አይደለም። ታሪኩን ሰው በአፉ በሚናገርበት ኃላፊ ጊዜ፣ በፓሴ ኮምፖዜ ስለተረከው ነው። የፈረንሳይ ልብ ወለድ በልማድ የሚተረከው በጽሑፍ ኃላፊ ጊዜ፣ በፓሴ ሳምፕል ነበር፤ እሱን መንገድ ላይ ማንም ሲናገረው አትሰሚም፣ ክፍል ውስጥም የሚደረስበት ዘግይቶ ነው። የዛሬዎቹ ደራሲዎች ብዙዎቹ ወይ በአሁን ጊዜ ወይ በፓሴ ኮምፖዜ ይጽፋሉ። ስለዚህ እኔ ብሆን የምመርጠው በሽልማት ወይም በዝና ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ነው። መጽሐፍ መደብር ስገባ ከጀርባው ያለውን ሙገሳ ትቼ መሐሉን እገልጥና አንድ ገጽ አነባለሁ፤ ግሶቹ ከተመቹኝ እገዛለሁ።

አኒ ኤርኖን አንደኛ አድርጊያት። የ2022 የኖቤል ተሸላሚ መሆኗን ሰምተሽ ይሆናል፤ መጽሐፉ ግን «ላ ፕላስ» የሚለው ይሁን። የወጣው 1983 ነው፣ ከ120 ገጽ አይበልጥም። የሚጀምረው እዚሁ ሊዮን፣ ክሯ ሩስ ኮረብታ ላይ ካለ ሊሴ ነው፤ ተራኪዋ የመምህርነት ፈተናዋን ታልፋለች፣ በሁለት ወሩ አባቷ ይሞታል። አባትየው በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሰው እርሻ ላይ የተቀጠረ፣ በኋላ ፋብሪካ የገባ፣ በመጨረሻም ኖርማንዲ ውስጥ ካፌና ሸቀጣ ሸቀጥ አንድ ላይ የያዘ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ልጁን አስተማረ። ልጅቷ ተምራ የተማሩት ዓለም ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ከአባቷ ጋር የሚያወሩት ነገር አለቀባቸው። ታሪኩ ይኸው ነው።

አንድ ቦታ ላይ፣ ልጅ እያለች፣ አባቷ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይወስዳታል። በሕይወቱ ገብቶ አያውቅም። ወለሉ ይንቋቋል፣ ሰዉ ዝም ብሏል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው «ምን መጽሐፍ ነው የምትፈልጉት?» ይላቸዋል። አባትና ልጅ ይፋጠጣሉ። መጽሐፍ ለመዋስ አስቀድሞ ርዕስ ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ እንደ ብስኩት ስም ጠርቶ መጠየቅ እንደሚገባ ቤታቸው ማንም አላሰበውም። ሰውዬው ራሱ መርጦ ይሰጣቸዋል፤ ለሷ የሜሪሜን «ኮሎምባ»፣ ለአባትየው ቀለል ያለ የሞፓሳን ልብ ወለድ። ተመልሰው አልሄዱም። መጽሐፎቹን ምናልባት ቀኑ ካለፈ በኋላ የመለሰችው እናትየው ሳትሆን አትቀርም ትላለች፣ እዚያው ላይ ታቆማለች። አዘንን፣ ተዋረድን የሚል ቃል የለም። ኤርኖ ይህን አጻጻፏን «ጠፍጣፋ» ትለዋለች፤ ስለ ድሃ አባት በተዋበ ቋንቋ መጻፍ አባትየውን መክዳት ስለመሰላት ነው። እናትና አባቱ ሸቀጥ ነግደው አስተምረውት፣ ዛሬ ስልክ ሲደውል ከ«ደህና ናችሁ» ሌላ የሚለው የጠፋበት ሰው እኛም ዘንድ ሞልቷል፤ ለዚህ ይመስለኛል ለሐበሻ ባዋስኩት ቁጥር መጽሐፉ የማይመለስልኝ።

ሁለተኛው የሌይላ ስሊማኒ «ሻንሶን ዱስ»። ስሊማኒ ሞሮኮ፣ ራባት የተወለደች ናት፣ መጽሐፉ የ2016ን ጎንኩር ወስዷል። በአሁን ጊዜ ነው የተተረከው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ፈረንሳይኛው አያስቸግርሽም። ሆድሽን ግን አጽኚ፤ ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሕፃኑ መሞቱን ይነግርሻል። ማን እንደገደለው ወዲያው ታውቂያለሽ፦ ሞግዚቷ። የሚቀረው ነገር እንዴት እዚህ ተደረሰ የሚለው ነው። በቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለሽ ለጊዜው ተሻገሪው፣ እውነቴን ነው።

እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ ሞግዚት ሆኜ እሠራ ነበር፣ ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት በሞግዚቷ በኩል ቆሜ ነው። አሠሪዋ ሚርያም ጠበቃ ናት፣ ራሷ ከማግሬብ፣ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ቤተሰብ ልጅ። ሞግዚት ስትፈልግ የማግሬብ ሴት አትቀጥርም፤ የአገር ልጅነት እየተነሣ መቀራረብ ይመጣል፣ ከዚያ ማዘዝ ያስቸግራል ብላ ትፈራለች። ይህን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ፤ እኛው መሐል ቤት ያደረገ ጠባይ ነው። የምትቀጥራት ሉዊዝ ፈረንሳዊት ናት፣ ንጹሕ፣ ሥራ ወዳድ፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች። ከዚያ የዶሮው ነገር ይመጣል። ሚርያም ቀኑ አልፎበታል ብላ ዶሮ ቆሻሻ ውስጥ ትጥላለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ አጥንቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳህን ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል፤ ሥጋ የሚባል አልቀረበትም፣ ታጥቦ ያበራል። ሉዊዝ ከቆሻሻው አውጥታ ለልጆቹ አብልታዋለች። ምግብ አይጣልም ተብላ ያደገች ሴት መጀመሪያ ከሉዊዝ ጋር ትወግናለች፤ ቀጥሎ ያንን የታጠበ አጥንት ስታስቢው ይዘገንንሻል። ስሊማኒ ማን ልክ እንደሆነ አትነግርሽም። በዚህ ቦታ ላይ ከፈረንሳዊት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራክረን አልተስማማንም፤ እሷ ትዕይንቱን የእብደት ምልክት ብቻ አድርጋ ነው ያየችው።

ሦስተኛው ፓትሪክ ሞዲያኖ። ብዙ ጽፏል፣ 2014 ኖቤል ተሰጥቶታል፣ እኔ ግን የምለው «ዶራ ብሩደር»ን ነው፣ 1997 የወጣውን። ሞዲያኖ በ31 ዲሴምበር 1941 «ፓሪ ሷር» ጋዜጣ ላይ የወጣ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ያገኛል፦ ዶራ ብሩደር፣ 15 ዓመት፣ ቁመት 1 ሜትር ከ55፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ያያት ለወላጆቿ 41 ቡልቫር ኦርናኖ ያሳውቅ። ልጅቷ አይሁዳዊት ናት፣ ጊዜው ፓሪስ በጀርመኖች እጅ የነበረችበት ነው። ደራሲው ዓመታት ፈጅቶ መዝገብ ለመዝገብ ይፈልጋታል፤ የተወለደችበትን ቀን ብቻ ለማግኘት አራት ዓመት ይወስድበታል። በሴፕቴምበር 1942 ከአባቷ ጋር ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትስ ተጭና እንደሄደች ይደርስበታል። ጠፍታ የቆየችባቸውን ወራት የት እንዳሳለፈች ግን አያገኝም፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ፈጥሮም አይሞላውም፤ የሷ ምስጢር ነው ብሎ ይተወዋል። የመንገድ ስም ይበዛበታል፣ እሱን እየዘለልሽ እለፊ።

አራተኛውን ለመሳቅ። «ላ ቪ ዶቫን ሷ»፣ 1975። ቤልቪል በሚባል የፓሪስ ሰፈር ውስጥ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአውሽቪትስ የተረፈች አሮጊት አይሁዳዊት፣ ድሮ ሴተኛ አዳሪ የነበረች፣ የሌሎች ሴተኛ አዳሪዎችን ልጆች ታሳድጋለች። የሚተርክልን ሞሞ የሚባል የዓረብ ልጅ ነው፣ ፈረንሳይኛውን እያጣመመ። አንዳንድ ጊዜ ስህተቱ ያንቺ ነው የሱ ነው ይምታታብሻል፣ ግድ የለም። የደራሲው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ልብ ወለድ ነው፤ ጎንኩር ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሰጥም፣ ሮማን ጋሪ ግን 1956 ላይ በስሙ ወስዶ ይህን መጽሐፍ ኤሚል አዣር በሚል ስም አሳትሞ ደገመው። የዘመዱን ልጅ አዣር ነኝ ብሎ ጋዜጠኞች ፊት እንዲቀርብ አደረገ። እውነቱ በይፋ የወጣው ጋሪ 1980 ከሞተ በኋላ ነው።

«ጎንኩር ያሸነፈ ሁሉ» ላለው ወንድሜ፦ ዳኞቹ በየኖቬምበሩ ፓሪስ ድሩዋን ምግብ ቤት ተሰብስበው ሲመርጡ ስለ ቋንቋ ተማሪ አያስቡም። የ2021ዱ ሴኔጋላዊው ሞሐመድ ምቡጋር ሳር ድንቅ ደራሲ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ገጽ ሙሉ ይሄዳል። ሽልማቱ ራሱ በገንዘብ 10 ዩሮ ነው፣ ትርፉ ሽፋኑ ላይ በሚታሰረው ቀይ ወረቀት ከሚመጣው ሽያጭ ነው። ዌልቤክ ፈረንሳይኛው አይከብድም፣ ቀልዱ ግን የፈረንሳይን ፖለቲካና ቴሌቪዥን ለሚከታተል ነው፤ ለኔም ከአንዱ መጽሐፉ በላይ አልጣመኝም።

ታሪክ የለውም ላለው ደግሞ፣ ስለ ራስ የመጻፉ ልማድ አለ፣ አልክድም፤ «ኦቶፊክስዮን» የሚል ስም ከወጣለት ከ1977 ጀምሮ የሰለቸንም ሞልቷል። ግን የኤርቬ ለ ቴሊዬን «ላኖማሊ» ይሞክር፤ ከፓሪስ ኒው ዮርክ የበረረ አንድ አውሮፕላን ከነተሳፋሪዎቹ በማርች ያርፋል፣ ያው አውሮፕላን ከነዚያው ሰዎች በጁን እንደገና ይመጣል። ይህ ታሪክ ካልሆነ ምን ይሁን?

ለኋላ የሚሆን አንድ ልጨምር፣ የዣን ክሪስቶፍ ሩፋን «ላቢሲን»፣ 1997። ሩፋን ሐኪም ነው፣ በእርዳታ ሥራ አገራችንን ያውቃታል። ታሪኩ በሉዊ 14ኛ ዘመን የኢትዮጵያን ንጉሥ ለማከም ከካይሮ ወደ ጎንደር ስለተላከ ፈረንሳዊ መድኃኒተኛ ነው፤ መነሻው 1699 በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን ጎንደር የደረሰው፣ በእውን የነበረው መድኃኒተኛ ፖንሴ ነው። ወፍራም ነው፣ በፓሴ ሳምፕል ነው፣ ጀብዱና ፍቅር የሞላበት ነው። ጎንደርን በፈረንጅ ዓይን ማየቱ አንዳንዴ ያሳክካል፣ ግን አታቋርጪውም።

ለአክስትሽ ልጅ ይህን ንገሪው፦ አራቱም በፎሊዮ የኪስ እትም አሉ፣ ትልቁን እትም እንዳይገዛ። በ1981 በወጣ ሕግ የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ የታሰረ ስለሆነ ሻጩ ከ5 በመቶ በላይ አይቀንስም፤ ርካሽ ፍለጋ ከመደብር መደብር መዞር ትርፉ ድካም ነው። ዋጋ ከከበደው ያገለገለ መጽሐፍ ወደሚሸጡት ይሂድ፣ ኤርኖና ሞዲያኖ እዚያ አይጠፉም። ሻንጣው ቦታ ከተረፈው ሩፋንን ይጨምርበት፣ ካልተረፈው ግን ኤርኖን አውጥቶ እንዳያስገባው።