ኦማ ያመጡት ቅጠል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ከወንድሞቿ ጋር ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ወይን ሊተክሉ ነው። ያለ ፋብሪካ ኬሚካል፣ ቤተሰቡ ራሱ የሚጠምቀው የወይን ጠጅ አስበዋል። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ «ጋሼ፣ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ለማግኘት ስንት ዓመት ይፈጃል?»

መልሱ ቀላል ነው። ለአውሮፓ ገበያ ከሆነ፣ የወይን ማሳ ከተለመደው እርሻ ወደ ኦርጋኒክ የሚሸጋገርበት ጊዜ 3 ዓመት ነው። ይህን ጽፌላት መተኛት እችል ነበር። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ደቡብ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ፋልዝ የሚባል የወይን አገር አለ። እዚያ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አባትና ልጅ ማሳውን ይዘዋል፣ ምራትየዋ ሽያጩን፣ እኔ የተክሉን ጤናና ፋይሉን። አያትየዋን ኦማ እንላቸዋለን። ጉልበታቸው ደክሞ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልደከመም።

በረድፎቹ መሃል የአተር ዘመዶችና አበባ ይዘራል። የተጨመቀው አተላ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳው ይመለሳል። የወይን ጠጁ የሚፈላው በራሱ እርሾ ነው፤ በዚህ በጣም ይኮሩ ነበር። እኔ በሆዴ እስቃለሁ። እናቴ ጋኗን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና ጠጅ ስትጥል የፓኬት እርሾ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ያንን ጋን አንድ ቀን እኔ ሰብሬባት... ተዉት፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዝናቡ አላባራ አለ። ፔሮኖስፖራ ለሚባለው የሻጋታ በሽታ ገበሬዎቹ ሦስት አሥሮች ይቆጥራሉ፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 10 ዲግሪ ሙቀት፣ 10 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ቡቃያ። ሦስቱም ሞሉ። ኦርጋኒክ ገበሬ ከሁሉ በላይ የሚመካው በመዳብ ርጭት ነው። መዳብ ደግሞ የሚረዳው ዝናቡ ሳይመጣ ቅጠሉ ላይ ከዋለ ነው። በሽታው ውስጥ ከገባ በኋላ አያድንም።

ሰኔ መጀመሪያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ለቁጥጥር የሚቀርበውን ፋይል አስተካክላለሁ። ኦማ በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ። ከሽርጣቸው ኪስ አንድ ቅጠል አውጥተው ወረቀቴ ላይ አኖሩ። መሃሉ ላይ የሳንቲም ያህል ቢጫ ነጠብጣብ አለ፤ ዘይት የነካው ይመስላል። ገለበጡት። ከሥሩ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር አለ። «ከቤቱ ጀርባ፣ ታችኛው ረድፍ» አሉኝ።

«ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» አልኳቸው። አልሄድኩም። የመዳቡን ሒሳብ እየደመርኩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቁጥሩ እንዲያንስ ፈልጌ ነበር። በአካባቢው ትንሹን መዳብ የረጩ ተብለን እንድንወራ አማረኝ። አርብ ልጅየው «ልርጭ?» አለኝ። «ሰኞ ይሁን» አልኩት። ቅዳሜና እሁድ ዘነበ። ሰኞ ጭቃው ትራክተር አላስገባ አለ።

ሐምሌ ላይ ፍሬው ቡናማ ሆነ፣ እንደ ቆዳ ተኮማትሮ ይረግፍ ጀመር። ከዚያ ማሳ የወትሮውን ሲሶ እንኳ አልለቀምንም። ዓመቱ ለብዙ ገበሬ ክፉ ስለነበር ሰው ሁሉ በዝናቡ አሳበበ። እኔም አሳበብኩ። ቤተሰቡ አመነኝ። ኦማ ዝም አሉ።

ከለቀማ በኋላ ተቆጣጣሪው መጣ። ፋይሉን ሲገልጥ የደረቀ ቅጠል ከመሃሉ ወደቀ። አንስቶ ሰጠኝና «እንዲህ የጠራ ፋይል ብዙ አላይም» አለኝ።

እናንተ ልጆች እንዳትቀየሙኝ እንጂ፣ ዛሬ መጀመሪያ ሎጎው ይሠራል፣ ቀጥሎ ድሮን ይነሳል፣ መሬቱ በስተመጨረሻ ይፈለጋል። እኔም በዕድሜያችሁ ድሮን ባገኝ ኖሮ ከወይኑ በፊት እሱን አስነሳ ነበር መሰለኝ።

መዳብ መቆጠቡ ራሱ ጥፋት አይደለም። አፈር ውስጥ አይበሰብስም፣ ይከማቻል፣ የምድር ትሉን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት ዛሬ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ በላይ የማይፈቅደው ለዚህ ነው። እኔ የቆጠብኩት ግን ለትሉ ብዬ አልነበረም።

ደግሞ ባቱ ፋልዝ አይደለም። በረዶ ስለሌለ ወይኑ እንደዚያ አገር አይተኛም፤ በመግረዝና ውሃውን በመቀነስ ነው የሚያሳርፉት። ጉማሬም አለ። የፈረንሳዩ የወይን ጠጅ ኩባንያ ካስቴል እዚያ ሲተክል ጉማሬ እንዳይገባበት ቦይ አስቆፍሯል። ስለዚህ የእኔን ሦስት አሥሮች እንዳለ ገልብጠሽ አትውሰጂ። የራስሽን ደብተር ያዢ፤ ዝናቡን፣ ርጭቱን፣ የታመመውን ረድፍ በየቀኑ ጻፊ። አዎ፣ አሁን ወረቀት ስረግም እንደነበር አውቃለሁ።

የምስክር ወረቀቱን ክፍያ አንድ ወዳጄን ጠይቄ እልክልሻለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ከወንድሞችሽ ጠዋት ቶሎ የሚነሳው የትኛው ነው?