ነጠላ ሳይሆን ብርቱካናማ ኮንሲለር

ጉንጭሽ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ በፋውንዴሽን ብትሸፍኚውም እኩለ ቀን ላይ እንደሚለቅሽ፣ የእጮኛሽ አክስቶችም ስለ ጠባሳው እንደሚያወሩ ጽፈሽልኛል። ፋውንዴሽኑ የሚለቅሽ በቀጥታ ጠባሳው ላይ ስለምትቀቢው ነው።

መጀመሪያ ፊትሽን ታጥበሽ ቅባት ተቀቢና ትንሽ ጠብቂ። ጉንጭሽ ላይ ያለው የጠቆረ ስለሆነ ብርቱካናማ ኮንሲለር (ጥቁረት የሚሸፍን ሜካፕ) በጣትሽ ጫፍ መታ መታ አድርጊበት፤ እንዳታሺው። ከላይ ፋውንዴሽን በስሱ፣ ከዚያ ፓውደር። ያበጠውን ግን ሜካፕ አያስተኛውም። ለእሱ ከፋርማሲ ሲልከን ጄል ጠይቂ፤ በወራት ነው ለውጡ የሚታየው።

ሰንስክሪንም (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) አትርሺ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ጠባሳ ታጠቁራለች። ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ስትውዪማ ደጋግመሽ ተቀቢ።

የእጮኛሽ አክስቶች «እርግማን ነው» ያሉትን በተመለከተ፣ በልጅነትሽ የፈላ ውሃ እንደተደፋብሽ አንዴ ንገሪያቸውና ተዪው። ክርክሩን እሱ ይያዘው፤ ዘመዶቹ እኮ ናቸው! ቡና ላይ ግን በነጠላ ተሸፋፍነሽ አትቀመጪ፣ ወሬውን ታባብሺዋለሽ።

ሎሚ የሚያዝዙሽ አይጠፉም። እንዳትሞክሪው። እህቴ ሎሚ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ወጥታ ጉንጯ እንደገና ተቃጥሎ፣ ከበፊቱ የባሰ ጠቆረ። ጠባሳው ካሳከከሽ ወይም እያደገ ከሄደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።