ፊልሙ የታለ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቻርጀር ሊዋስ መጣና ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አገኘኝ። መብራት ሄዶ አልነበረም፤ እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ቬንትሌተሩንም አጥፍቼዋለሁ። የድሬን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ «ሽማግሌው ነካ አድርጎታል» ይላል። ልጁም አላፈረም።

«ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

(ድሬ ላይ አንቱ ብሎ ነገር የለም። ከሌላ አገር የምታነቡ ሰዎች ልጁ ባለጌ እንዳይመስላችሁ።)

ሙዚቃ እየሰማሁ ነው አልኩት። በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። አንድ ፒያኖ፤ ከኋላው ቀስ ብለው የሚገቡ ቫዮሊኖች፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ እንደገና ፒያኖው። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም።

«ይሄ የፊልም ሙዚቃ ነው አይደል?»

«አዎ።»

ቴሌቪዥኑን አየ፤ ጠፍቷል። ስልኬን አየ፤ ተደፍቷል።

«አቦ፣ ታዲያ ፊልሙ የታለ?»

ሳቅሁና ቻርጀሩን ሰጠሁት። እሱ ሄደ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ደብዳቤ ለእሱና ለእኩዮቹ የምጽፈው ለዚህ ነው። ምክር በሉት። ተማሩ፣ ቆጥቡ፣ ከሱስ ራቁ የሚለውን ግን ከእኔ አትጠብቁ። እሱን እናቶቻችሁ በቀን ሦስቴ ይነግሯችኋል።

ሙያዬ ድምፅ ነው። አምፕሊፋየርና ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የጀመርኩት ግን በደርግ ጊዜ፣ ገና በሃያ ዓመቴ፣ እዚሁ ድሬ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ የማሽን ረዳት ሆኜ ነው። ማሽን ክፍሉ ከላይ፣ በጠባብ የብረት ደረጃ የሚወጣበት ምድጃ ነበር። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ጥቅል ፊልም ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ከላይ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሣለህ። ተመልካቹ ነጥቧን አያያትም። እኔ ዛሬም አሮጌ ፊልም ሳይ ሌላ ነገር አላይም።

መብራቱ የሚመጣው ከካርቦን ነው። ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ይነድዳሉ፤ እንደ ብየዳ ዓይን ያጠፋሉ። ድምፁ ደግሞ እዚያው ፊልሙ ጠርዝ ላይ ታትሟል። ቀጭን መስመር ነው። ሌላ ትንሽ አምፖል መስመሩን እያበራች ታነበውና ወደ ድምፅ ይለወጣል። መጀመሪያ አለቃዬ ሲያሳየኝ ማመን አቃተኝ። ሙዚቃ በዓይን ይታያል! ተኩስ ሲሆን መስመሩ ይወፍራል፤ ለስላሳ ሙዚቃ ሲሆን ፀጉር ያህል ይቀጥናል። ደግሞ የአንዱ ምስል ድምፅ ከምስሉ አጠገብ አይደለም። ሃያ ምስል ያህል ቀድሞ ነው የሚታተመው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አይ፣ ነበር ልበል፤ እኛ አንተ ነበር የምንለው። ከሸሚንደፈር (ከባቡሩ ድርጅት) ጡረታ የወጣ፣ ዕድሜውን አቴሊዬ (የባቡሩ ጥገና ክፍል) ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ የጨረሰ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ ጣል ስለሚያደርግ ሙሴ እንለዋለን። እሑድ እሑድ የማታውን ፊልም አይቀርም። የሚቀመጠው ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ፣ ከማሽን ክፍሉ መስኮት ሥር ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያደርግና ቀኝ እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ራሱን የሚያመው ይመስለኝ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ስንቀልድ እንደሱ ጆሮ መያዝ አንዱ ጨዋታችን ነበር።

በዚያን ጊዜ ፊልም ሲያልቅ፣ ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ፣ ሰው ሁሉ ይነሣል። የእንጨት ወንበሮቹ ጧ ጧ ይላሉ። የእኔ ሥራ የአዳራሹን መብራት ማብራት፣ ድምፁን መቁረጥና ማሽኑን ማቆም ነው። የመጨረሻውን ሙዚቃ የሚሰማ አልነበረም። ወይም የለም ብዬ ነበር።

አንድ እሑድ የጣሊያን ፊልም አሳየን። ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ ነበር። ፊልሙ አለቀ። እጄን የድምፁ ቁልፍ ላይ እንዳደረግሁ በሩ ተንኳኳ። ሙሴ ነው። ደረጃውን ወጥቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ልጄ፣ ዛሬን እንኳ ጨርስልኝ።»

«ሙሴ፣ ፊልሙ እኮ አልቋል።»

«አውቃለሁ። ሙዚቃው አላለቀም።»

ቁልፉን አዞርኩት። ዓይኑን እያየሁ ነው ያዞርኩት።

«ሰዓት እላፊ ይደርስብናል» አልኩት። ውሸት ነው፤ ገና ነበር። «ካርቦን ቆጥቡ ተብለናል» ብዬም ጨመርኩ። ይሄ ደግሞ የባሰ ውሸት ነው። ቅድም ነግሬያችኋለሁ፤ ድምፁን የምታነበው ሌላ አምፖል ናት። ካርቦኑን አጥፍቼ፣ ስክሪኑን አጨልሜ፣ ሙዚቃውን ብቻ ልለቅለት እችል ነበር። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቸኮልኩት መጋላ ሰፈር የምትጠብቀኝ ልጅ ስለነበረች ነው። ልጅቷን ማንነቷን ብትጠይቁኝ ዛሬ ስሟም አይመጣልኝ።

«እሺ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት እሑድ መጥቷል። ግን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ሙዚቃው ሳይጀምር፣ ቀድሞ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። የጀመረው ሙዚቃ ደግሞ እንዳይቆረጥበት ይመስለኛል። በኋላም ቀረ። የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የራሴን የጥገና ቤት ከፍቼ ነበር። አንድ የአቴሊዬ ጡረተኛ ሬዲዮ ይዞ መጣ። «ሰው ሲያወራ ጉምጉም ይላል፤ ዘፈን ሲሆን ግን ደህና ነው፤ ፈትሽልኝ» አለኝ። ፈታሁት። ለካሁት። ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ። ምንም አላገኘሁም። ከፍቼ ስሰማው ንግግሩ ጥርት ብሏል፤ እሱ ግን አሁንም «ጉምጉም» ይላል። ያኔ ነው የበራልኝ። የተበላሸው ሬዲዮኑ አይደለም። መዶሻ ሥር የኖረ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ፈ፣ ተ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ሰው ሲያወራ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ወፈር ብሎ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ሙዚቃ ግን ይገባል።

ብሎን መፍቻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሙሴ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጉምጉምታ ሲሰማ ኖሯል። ወሬና ተኩስ ያልገባበት፣ ለእሱ ጥርት ያለው፣ የመጨረሻው አራት ደቂቃ ነበር። ቲኬት የሚቆርጠው ለእሱ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ፊልሙ የታለ ላልከው መልስ። ሞሪኮኔ በ1928 እ.ኤ.አ. ሮም ተወልዶ በ2020 እዚያው አረፈ። አባቱ ጡሩምባ ነፊ፣ እሱም ጡሩምባ ነፊ። በ1968 እ.ኤ.አ. ለወጣ አንድ የካውቦይ ፊልም ዳይሬክተሩ ሰርጆ ሊዮኔ ሙዚቃውን ቀረጻው ሳይጀመር አሠራው። ከዚያ ካሜራው ፊት እያጫወተ ተዋናዮቹን በዚያ አስኬዳቸው። ስለዚህ ሙዚቃው ሲወለድ ፊልሙ ገና አልነበረም። ድምፅ ቀድሞ ይታተማል ብዬህ የለ?

የእኛዋን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ውሰድ። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ፒያኖዋን በሸክላ አስቀረፀች። ለፊልም ብላ አይደለም፤ መነኩሴ ናት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የውጭ ፊልም ሠሪዎች ያንን ፒያኖ ወስደው ፊልማቸው ውስጥ አስገቡት። እሷ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመቷ አረፈች። በሷ ፒያኖ ውስጥ ትዝታችን አለ፤ ግን አያለቅስም። አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እኔ ብቻዬን ስሰማት ፊልም አያምረኝም።

የእሷና የሞሪኮኔ ካሴቶች ነበሩኝ። እህቴ ቤት አስቀምጬያቸው በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወሰዳቸው። በዚያ ሌሊት ሰው ያጣ ከተማ ውስጥ ስለ ካሴት ማውራት ነውር ነው፤ ተውኩት።

አሁን ወደ ምክሩ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙ። ስልክ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ የምትሰሙት አጥንቱን ነው። ደህና ስፒከር ወይም ደህና ማዳመጫ ፈልጉ። ድምፁን አታስጩሁት። ቤቱን ጸጥ አድርጉት እንጂ። ቬንትሌተሩ ከዞረ ግማሹ ሙዚቃ የለም፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ጣቱን ሲያነሣ ያለው ዝምታ በክንፉ ይበላል። ላብ ይውረድ። ሰዓቱም ባጃጅ የሚቀንስበት፣ ከዚራ ሰፈር ጸጥ የሚልበት ቢሆን ይመረጣል።

ያዘናችሁ ዕለት ደግሞ አትክፈቱት። ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ምን ይሠራል? ይህን ስል ባለቤቴ ከዚያኛው ክፍል ትስቃለች። ወንድሜን የቀበርኩ ሳምንት በየማታው የከፈትኩት ይህንኑ ነው። እንግዲህ እንደፈለጋችሁ።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ሁሉን ነገር እየዘለላችሁ ታልፋላችሁ። ዘፈኑ ሳይጀምር ቀጣዩን ትነካላችሁ፤ ሰው ሲያወራ እንኳ ፍጥነቱን ጨምራችሁ ነው የምትሰሙት። ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ላይ የሞት ሙዚቃ ትለጥፉና ድመት ታሳያላችሁ። ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን እኔ በሃያ ዓመቴ ማሽኑ በእጄ እያለ፣ የሚሰማ ሰው በር ላይ ቆሞ እየለመነኝ፣ አራት ደቂቃ አልታገሥኩም። ያኔ ቲክቶክ አልነበረም።

ልጁ ትናንት ቻርጀሩን ሊመልስ መጣ። ሳልጠራው ገብቶ ተቀመጠ። «እስቲ ያንን ክፈተው» አለኝ። ቬንትሌተሩን ራሱ ተነሥቶ አጠፋው። መብራቱን እኔ አጠፋሁ። ፒያኖው ገባ። አንዱን ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። ትንሽ ቆይቶ «ሰውዬው ሲተነፍስ ይሰማል» ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ። እኔ አልሰማሁትም። ዱሮ እሰማው ይሆናል፤ አሁን ቀጭኑ ድምፅ እየከዳኝ ነው።

በሦስተኛው ደቂቃ ሸሚዙን ከደረቱ ላይ ያርገበግብ ጀመር።

«አቦ ጋሼ፣ ሞቀኝ።»

«ቆይ፣ ሊያልቅ ነው» አልኩት።

ሊያልቅ አልነበረም።